ዲቪዲ ፕላስ አር ወይስ ማይነስ አር? የእናቴ ምርቃት ያለበት ዲስክ አልከፈት አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሰርግ ስቀርጽ፣ ኤዲት ሳደርግና በዲቪዲ ሳስረክብ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን የደንበኛ ሥራ አይደለም። የቤቴ ጉዳይ ነው።

የእህቴን ሰርግ በ2000 ዓ.ም. የቀረጽኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ዲስክ ወጣው። አንደኛው የጠዋቱ ነው፤ ሙሽራው መጥቶ ሙሽራዋን ከእናታችን ቤት ሲወስድ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑና የሐይቅ ዳሩ፣ ሦስተኛው የመልሱ። ያኔ ባዶ ዲቪዲ መርጠን አልነበረም የምንገዛው። ሱቁ ያመጣውን እንገዛለን። እንዳጋጣሚ አንደኛው ፕላስ አር (DVD+R) ሆነ፤ ሁለቱ ማይነስ አር (DVD-R)። ሁለቱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍባቸው የዲቪዲ ዓይነቶች ናቸው።

እናታችን ካረፈች ዘንድሮ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ተዝካሯ ሲወጣ ዘመድ ስለሚሰበሰብ እህቴን የመረቀችበትን ቃል እናሰማቸው ተባባልን። አንደኛውን ዲስክ ከተትኩት። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ ደህና ይሄዳል። 41ኛው ደቂቃ ላይ፣ እህቴ የእናታችንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ምስሉ ተሰባብሮ ይቆማል። ዴኩ ትንሽ ያጓራና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ማይነሶቹ ግን አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ አለቁ።

ስለዚህ ፕላስ አር ዕድሜ የለውም የሚል ሐሳብ ላይ ደርሻለሁ። ትክክል ነኝ? አዲስ ቅጂ ሳስቀምጥስ የቱን ልያዝ?

---

ይህን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እስከ እሑድ 43 ምላሽ መጣ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ ሁሉን ማንበብ ስለሚያደክም፣ የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ ላስፍርላችሁ።

1ኛውን የጻፈው የአዳማ ልጅ ነው። መጀመሪያ ነፍስ ይማር አለ፤ እግዜር ይስጠው። ከዚያ ከእኔ ጋር ተስማማ። እነሱ ቤት የነበረው አሮጌ ዴክ ማይነሱን ወዲያው ይከፍታል፣ ፕላሱን ግን ዲስክ የለም እያለ ይተፋው ነበር።

2ኛው ሁለታችንንም አረመን። ዴክ አልከፍትም ማለቱና ዲስክ መሞቱ አንድ አይደለም አለ። ዴኩ ዲስኩን ገና ሲቀበል ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ምልክት ያነባል። ፕላስ አር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ዴክ ያንን ምልክት አያውቀውም። መፍትሔው ዲስኩ በርን ሲደረግ፣ ማለትም ሲጻፍ፣ ምልክቱን ወደ ዲቪዲ ሮም (ከፋብሪካ ተቀርጾ ወደሚመጣው ዓይነት) መቀየር ነው። ይህን ብዙ በርነር (መጻፊያ ድራይቭ) በፕላስ አር ላይ ያደርገዋል። በማይነስ አር ግን ምልክቱ ከፋብሪካ ታትሞ ስለሚመጣ አይቀየርም። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ይህን ቅንብር ነክቼው አላውቅም ነበር።

3ኛው ታሪኩን አመጣ። የሲዲ አር መመዘኛ በ1988 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዲቪዲ ማይነስ አር ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ከፓዮኒር መጣ፤ መጀመሪያ የሚይዘው 3.95 ጊጋ ብቻ ነበር፣ ኋላ 4.7 ደረሰ። ፕላሱን ያወጣው ግን ማይነሱን የተቀበለው ያው የዲቪዲ ፎረም የሚባለው የኩባንያዎች ኅብረት ነው ብሎ ተሳሳተ። 4ኛው ቀስ ብሎ አስተካከለው። ፕላስ የመጣው ከፎረሙ ውጪ ከቆመ ሌላ ኅብረት ነው፤ ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ኤች ፒ፣ ሪኮ፣ ያማሃና ሌሎችም ነበሩበት። ፕላስ አር ደብልዩ (እየተሰረዘ ደጋግሞ የሚጻፍበት) በ2001፣ ፕላስ አር በ2002 እ.ኤ.አ. ገበያ ገባ። በዚያው በ2002 ሶኒ ሁለቱንም የሚጽፍ ድራይቭ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። እኛ ሥራ ስንጀምር ምን ዓይነት ዲስክ ነው ብለን የማንጨነቀው ለካ በዚህ ምክንያት ነው። ማሽናችን ሁሉንም ይበላ ነበር።

5ኛው ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሆነኝ ነው። ጸሐፊው የኤሌክትሮኒክስ ሰው ይመስላል። ባዶ ዲስክ ባዶ አይደለም አለ። ሌዘሩ የሚሄድበት ቦይ ከፋብሪካው ተቀርጾበት ነው የሚመጣው። ቦዩ ቀጥ ያለ ሳይሆን በጣም በጥቂቱ እየተወዛወዘ የሚሄድ ነው። በርነሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ ነው ሁለቱን የሚለያቸው። ማይነስ አር በቦዮቹ መሐል ባለው ገደፍ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ስትሄድ በመንገዱ ዳር እንዳሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አድርጎ አስረዳን። ፕላስ አር ድንጋይ የለውም፤ አድራሻው እዚያው የቦዩ ውዝዋዜ ውስጥ ተጽፏል። ውዝዋዜው በማይነስ 140 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው፣ በፕላስ 817። ወደ 6 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ በፍጥነት ሲጻፍ፣ ወይም ጽሕፈቱ ተቋርጦ ሲቀጥል፣ ፕላስ ቦታውን አጥርቶ ያገኛል። በንድፍ ደረጃ ፕላስ ይሻላል ብሎ ቆረጠ። ግን ንድፉ ስለ ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም ብሎ ጨመረ። ይህችን ቃሉን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

6ኛው ከዲላ የጻፈ ካሜራማን ነው። የሰርጉን ማስተር በማይነስ አር ጢም አድርጎ ሞላው። ለሙሽራው ወገን ቅጂ ሲያወጣ ቤቱ የቀረው ፕላስ አር ብቻ ነበር። አልበቃም አለው። ሁለቱም ላይ 4.7 ጊጋ ተብሎ ታትሞ እንዴት ይሆናል ብሎ ግማሽ ቀን ሲታገል ዋለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማይነሱ 4,707,319,808 ባይት ይይዛል፣ ፕላሱ 4,700,372,992። ልዩነቱ 7 ሜጋ ገደማ ነው። ያቺ 7 ሜጋ ግማሽ ቀን አስፈጅታዋለች። እኔም አንድ ቀን ደርሶብኝ ሶፍትዌሩን ነበር የወቀስኩት።

7ኛው ላይ ወሬው ሻከረ። የጻፈው ልጅ በዚህ ዘመን ስለ ዲስክ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው አለ። ፍላሽ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ጣጣችሁን ተዉት ዓይነት ነገር። 8ኛዋ አልማረችውም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ የሚላከው ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፤ ፍላሽም ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተኛ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይሸሻል አለችው። የወንድሟን የትምህርት ምርቃት ፎቶ በሙሉ እንዲህ አጥታዋለች። ከ9 እስከ 12 ያለው ንትርክ ነው። 10ኛው ስድብ ስለነበረበት ተነስቷል። 12ኛው ላይ የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ ሰው የእናቱን ድምጽ ለማትረፍ እየጠየቀ እርስ በርስ አትባሉ ሲል ሁሉም ጸጥ አለ።

13ኛዋ ሴት የሰነድና የመዝገብ ባለሙያ ናት። እርስዎ እያለች በአክብሮት ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ዲስኮቹ የት ነው የተቀመጡት? በምን ፍጥነት በርን ተደረጉ? ላያቸው ላይ ምን አለ?

ለመመለስ ተነሥቼ ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ማይነሶቹ ከሰርጉ አልበም ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በየጠንካራ ማቀፊያቸው ነበሩ። ላያቸው ላይ የእኔ የማርከር ጽሑፍ ብቻ አለ። ፕላሱ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚታይ በስስ ላስቲክ ፖስታ ሆኖ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው የኖረው። ያ ቦታ ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ያርፍበታል። ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ስቲከር ተለጥፏል። ያን ስቲከር አትሜ፣ ቆርጬ፣ በመዳፌ እያሻሸሁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ዳሩ ተጨማድዶ በአንድ በኩል ተነሥቷል። ዲስኩን ገልብጬ ወደ አምፖል ሳነሳው ከዳር ወደ ውስጥ እንደ ሻይ ጠብታ የደበዘዘ ነገር አየሁ። ጠርዙን በጣቴ ስዳብሰው ጠፍጣፋ አይደለም፤ ትንሽ ጎብጧል። ይህን ሁሉ 14ኛው ላይ ጻፍኩ።

15ኛው የእሷ መልስ ነው። አሜሪካ ያለው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሲዲና ዲቪዲ አያያዝ መመሪያ ጠቀሰች። ዲስክ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ፣ በማቀፊያው ሆኖ ቆሞ ይቀመጥ ይላል። ስቲከር አይለጠፍበትም። ሲጠረግ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ነው እንጂ እየዞሩ አይደለም። መረጃው የሚጻፍበት ንጣፍ ቀለም ነው፤ የፕላሱም የማይነሱም። ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ይበላዋል። በአጭሩ እኔ ያነጻጸርኩት ፕላስና ማይነስን ሳይሆን መስኮትና ቁም ሳጥንን ነው። ስሙ ፕላስ ባይሆንም እዚያ ቦታ የተቀመጠው ይሞት ነበር። ተቀብያታለሁ፤ የመጀመሪያው መደምደሚያዬ ስህተት ነው። የ5ኛው ሰው ቃልም እዚህ ላይ ገባኝ።

16ኛው ሲዲና ዲቪዲን ለየልን። ሲዲ አር ላይ የሚጻፍበት ንጣፍ ያለው ከላይ፣ ከስሱ ቫርኒሽ ሥር ነው። ስለዚህ በጽሑፉ በኩል በእስክሪብቶ ጫን ብሎ መጻፍ ከሥር ካለው ጭረት ይብሳል። ዲቪዲ ግን 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሳህኖች ተጣብቀው ነው፣ ንጣፉም መሐል ላይ ነው። ለእስክሪብቶ ይበረታል፤ ለመጉበጥ ግን አይበረታም። ስቲከሩ ሲደርቅና ሲሸበሸብ ጎትቶ ያጎብጠዋል፣ ሲሽከረከርም ሚዛኑን ያዛባል።

17ኛው በ16 እጥፍ ፍጥነት በርን አታድርጉ፣ 8 ይበቃል ብሎ አለፈ። 18ኛው ሳጥኑ ላይ የታተመው ስምና ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ ነገረን። የሠሪው መለያ ዲስኩ ውስጥ ተጽፏል፤ በነጻ ፕሮግራም ይነበባል። ልክ ነው። በአንድ ወቅት ከአንድ ሱቅ 50 ፍሬ ገዝቼ ግማሹ ገና ሲጻፍ ተበላሽቶብኝ ያውቃል። ሳጥኑ ግን የታወቀ ስም ነበረበት።

ከ19 እስከ 23 ወሬው ሄደ። አንዱ አንድ ፊልም በሁለት ቪሲዲ ይሸጥ የነበረበትን፣ መሐል ላይ ተነስቶ ዲስክ መቀየሩን አስታወሰ። ሌላው ቪዲዮ ቤት ካሴት ሳይጠነጥን መልሶ መቀጣቱን። ከዚያ አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን እንገናኝና እንወያይ አለ፤ የዓሣው ዋጋ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እጅ እስከ መንጠቅ መድረሳቸው ሁሉ ተነሣ። ደስ የሚል ወሬ ነበር።

24ኛው ደስታችንን ገታው። ድሮ የካሴትና የሲዲ አሳታሚ የነበረ ሰው ነው። እናንተ ስለ ባዶ ሲዲ በናፍቆት ታወራላችሁ፣ እኛን የገደለን እሱ ነው ብሎ በምሬት ጻፈ። ሥራው በወጣ ማግስት ኮፒው በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶም እንኳ ገበያው አላረፈም። አንድ ሰው ሊቃለድ ሞከረ። እኔ ግን ይህ ሰው እውነቱን ነው ብዬ 25ኛው ላይ ጻፍኩ። በዚያ ዘመን በርነር ያለን ሁሉ አንዳንዴ ለወዳጅ ብለን አልበም ገልብጠናል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኩ። 26ኛው ላይ መለሰልኝ፣ በጣም ለስልሶ።

27ኛዋ እናት ችግሯ ሌላ ነው። በትንሿ ዲስክ የሚቀርጽ ካሜራ ነበራቸው፤ ያ 1.4 ጊጋ የሚይዘው ባለ 8 ሴንቲ ሜትር። ካሜራው ከተበላሸ ወዲህ ዲስኩን የትኛውም ዴክ ባዶ ነው ይላል። 28ኛው ወዲያው ገባው፤ ፋይናላይዝ አልተደረገም አላት። ካሜራው ቀረጻውን ጨርሶ ካልዘጋው ሌላ ማሽን ማውጫውን አያገኘውም፣ መረጃው ግን አለ። ተመሳሳይ ካሜራ ተውሰሽ ዝጊው፣ ወይም በማዳኛ ፕሮግራም በኮምፒውተር አውጪው አላት። 29ኛው ላይ ተመልሳ መጣች። ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲራመድ የሚያሳየው ተገኝቷል።

30ኛው የዲቪዲ ራም (ደጋግሞ የሚጻፍበት ሌላ ዓይነት ዲስክ) ወዳጅ ነው። 100,000 ጊዜ ያህል ይጻፍበታል፣ አር ደብልዩዎቹ ግን 1,000 ጊዜ ገደማ ነው አለ። እውነት ነው፤ ግን የእኛ ሰፈር ዴክ አያነበውም። 31ኛው ኤም ዲስክን አነሣ። ንጣፉ በቀለም ፋንታ እንደ ድንጋይ ካለ ነገር የተሠራ ነው፣ ሠሪዎቹ 1,000 ዓመት ይቆያል ይላሉ። ለመጻፍ የሚችለው በርነር ያስፈልገዋል። ሐዋሳ ሱቅ ውስጥ አይቼው አላውቅም። 32ኛው ሶኒ የሚቀረጽባቸውን ብሉ ሬይ ዲስኮች በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ማምረት እንዳቆመ ነገረን። ገበያው እየጠበበ ነው፤ አሮጌ ዲስክ ያለው ሰው ድራይቭ ሳይጠፋ ይነሣ አለ።

33ኛው ያልጠበቅሁት ነው። ያ የ7ኛው ልጅ ተመለሰ። ቁጣው የለም። የታናሽ እህቱ ክርስትና ያለበት ዲስክ ቤታቸው እንዳለ፣ አባቱ በሕይወት የሚታየው እሱ ላይ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ሄዶ ሲሞክረው ይከፈታል፤ ግን መሐል ላይ ይንተባተባል። ምን ላድርግ አለ። 8ኛዋ ናት ቀድማ የመለሰችለት። ኮምፒውተር ላይ ክተተው፣ ዛሬውኑ ገልብጠው አለችው።

34ኛው እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። ጋሼ፣ ስቲከሩን እንዳትልጡት ብሎ ጀመረ። ከተላጠ አብሮ ሊጎዳው ይችላል። አንድ ድራይቭ ያላነበበውን ሌላው ሊያነበው ይችላል፤ እኔ ጋ አራት የተለያዩ አሉ፣ ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ አለኝ። 35፣ 36 እና 37 በርታ የሚሉ ናቸው።

ቅዳሜ ሄድኩ። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠረገው። ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ያስቸገረውን ቦታ ይመዘግብና ኋላ እየተመለሰ ይሞክረዋል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። መዝገቡ ስላለ ከቆመበት ቀጠለ። የመጀመሪያው ድራይቭ ብዙ ቦታ ዘለለ። ሁለተኛው፣ አሮጌና ጯሂ የሆነው፣ ከዘለለው አብዛኛውን አነበበ። ሦስተኛው ጥቂት ጨመረ። ወደ ማታ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነበር። ገንዘብ ሰጥቼው አልቀበልም አለ።

ይህን 38ኛው ላይ ስለጥፍ እልልታው በዛ። 40ኛው ግን ጥያቄዬን መልሶ ጠየቀኝ፦ ታዲያ የቱ ይሻላል? እንዲህ መለስኩ። አሮጌ ዴክ ላለው ሰው የምሰጠውን በማይነስ አር አደርገዋለሁ። 8.5 ጊጋ ባለ ሁለት ንጣፍ ካስፈለገኝ ወደ ፕላስ እሄዳለሁ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፣ ምልክቱንም መቀየር ይቻላል። የእናቴን ምርቃት ግን ለአንዱም ብቻውን አልሰጠሁትም። በሁለት ሃርድ ዲስክ ሁለት ቤት አስቀምጫለሁ። 41ኛው በዚህም አልረካም፤ የ5ኛውን ማብራሪያ እየጠቀሰ ፕላስ ነው አለ። 42ኛው ማይነስ ነው አለው። እነሱ ይቀጥሉ።

43ኛው የእኔ ነው። ይርጋዓለም ያለችው አክስታችን ለተዝካሩ መምጣት አትችልም፣ እግሯን ያማታል። ዴኳ ያ ፕላስ የማይቀበለው ዓይነት ነው። በማይነስ አር አንድ ቅጂ አውጥቼ፣ በማርከር ብቻ ጽፌበት፣ በማቀፊያው ላክሁላት። እሑድ ከሰዓት ደወለች። ስልኩን ሳትዘጋ ዲስኩን አስገባችው። እህቴ ጎንበስ የምትልበት ጋ ምስሉ ለአፍታ ይሰባበራል፤ እዚያ ቦታ ያልዳነ አለ። የእናታችን ድምጽ ግን አልተቆረጠም። አክስቴ ስልኩን ረስታው፣ በየምርቃቱ መጨረሻ ከሰርገኛው እኩል አሜን ስትል እሰማታለሁ።